«እርጅና ብቻህን ና» ማለት ሽማግሌን ለብቻው ተዉት ማለት አይደለም

ስለ አረጋውያንና ስለ መርሳት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ለእኔም ደብረ ማርቆስ ካሉ ዘመዶቼ፣ ባሕር ዳር ከሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከአዲስ አበባም ጭምር ደርሶኛል፤ የእኅቴ ልጅ ደግሞ «እንግዲህ አያቴን ማኅበር መላካችንን እንተው ይሆን?» የሚል ጥያቄ አስከትላ ላከችልኝ። ይህን መልስ እንድጽፍ ያደረገኝ የእርሷ ጥያቄ ነው። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የቀረበ ነው፤ ጸሐፊውም ለአረጋውያን ከልብ የሚያዝኑ ሰው መሆናቸው ከየአንቀጹ ይታያል። ስለዚህ የምከራከረው ከሐሳባቸው ጋር እንጂ ከቅንነታቸው ጋር አይደለም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ መጃጀት የዕድሜ ዕዳ ነው፤ ሰው ሰማንያ ዓመት ካለፈው አእምሮው መድከሙ አይቀርም፤ ጨዋታም ሆነ ማኅበር አይመልሰውም። ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር የሚውሉ አረጋውያን በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን የሚናገሩት የውጭ አገር ጥናቶች ነገሩን ገልብጠው ያዩ ናቸው፤ ሰው ከሰው የሚርቀው መርሳት ስለ ጀመረው ነው እንጂ የሚረሳው ከሰው ስለ ራቀ አይደለም። ሦስተኛ፣ ብቸኝነት የፈረንጅ ችግር ነው፤ ሰንበቴ፣ ማኅበርና ዕድር ባለበት በጎጃም ብቸኛ ሽማግሌ የለም። አራተኛ፣ ድግሱና ለቅሶው አረጋውያንን ያደክማቸዋል፣ ጥሪታቸውንም ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቤታቸው ተቀምጠው ቴሌቪዥን ቢያዩ፣ የማኅበር ተራቸውንም ልጆቻቸው ቢረከቧቸው ይሻላል። አምስተኛ፣ በዋሻ ብቻቸውን የሚኖሩ ባሕታውያን ዕድሜያቸው እጅግ ገፍቶም አእምሯቸው የነቃ መሆኑ ከሰው መለየት አእምሮን እንደማይጎዳ ያስረዳል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ያሳረጉት «እርጅና ብቻህን ና» በሚለው አባባል ነው።

ከአባባሉ ልጀምር። አባቶቻችን «እርጅና ብቻህን ና» ያሉት እርጅና በሽታንና ድህነትን አስከትሎ እንዳይመጣባቸው ሲለምኑ ነው። ብቻውን እንዲመጣ የተለመነው እርጅናው ነው፤ ያረጀው ሰው ብቻውን ይቀመጥ ያለ የለም። የቃል አተረጓጎም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፌው ነበር፤ ነገር ግን ጽሑፉ እርጅናን ተከትለውት ከሚመጡት ነገሮች ሳይለይ መሄዱ በቀሩትም ነጥቦች ውስጥ ይታያል።

በመጀመሪያው ነጥብ ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ዕድሜ ነው፤ ጤነኛ አረጋዊም ቢሆን ስም ለማስታወስ መዘግየቱ፣ መነጽሩን ያስቀመጠበትን መፈለጉ የተለመደ ነው። የመርሳት በሽታ ግን ከዚህ የተለየ ሕመም እንጂ የእርጅና ተፈጥሯዊ ክፍል እንዳልሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። እንደ ድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ሊለወጡ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ ማስቀረት ወይም ማዘግየት ሊቻል እንደሚችል ገምቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ማጨስ፣ የትምህርት ማነስ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ እንዲሁም ከሰው መነጠል ይገኙበታል።

ይህ አኃዝ ሁለት አፍ እንዳለው ሳልሸሽግ እናገራለሁ። አርባ አምስቱ በመቶ ሊለወጥ የሚችል ከሆነ፣ በዛሬው ዕውቀት እጃችን የማይደርስበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነው። ለመነጠል ብቻ የተሰጠው ድርሻም 5 በመቶ ያህል ነው። እንግዲያው «ማኅበርተኛ አይጃጅም» የሚል ሰው ቢመጣ እርሱንም በዚሁ ብዕር መቃወም ይገባኛል። ጸሐፊው ያሉት ግን «ጥቂት ነው» አይደለም፤ «ምንም የለም» ነው።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ አገር «ጃጀ» የሚባለው ሁሉ የመርሳት በሽታ የያዘው አይደለም። የመንፈስ ጭንቀት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ የአንዳንድ ቫይታሚኖች እጥረት፣ አልፎ ተርፎም ሐኪም ያዘዛቸው መድኃኒቶች ሰውን ሊያደነዝዙና ሊያዘነጉ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕክምና አላቸው። «የዕድሜ ዕዳ ነው» ብለን ስንዘጋው የሚታከመውን ሰው ከማይታከመው ጋር አብረን እንዘጋበታለን። ወደዚህ ጉዳይ በእናቴ ምክንያት እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ጸሐፊው ይህን በማንሣታቸውም አመሰግናቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ከእርሳቸው በተቃራኒ የቆሙ ብዙ ጽሑፎች ጥያቄውን ጨርሶ አያነሡትም። የመርሳት በሽታ ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት አእምሮ ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ጨዋታ መከተል እየከበደው፣ ስም እየጠፋበት፣ እያፈረ ከሰው መካከል ሊርቅ ይችላል። በስቶክሆልም ከተማ 1,203 አረጋውያንን በአማካይ ለ3 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ ዘመድ ወዳጅ ያነሳቸው ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ60 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ ነገር ግን 3 ዓመት አጭር ጊዜ ስለሆነ የጸሐፊው ጥርጣሬ እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማኅበራዊ ተሳትፎ የመርሳት በሽታን ለመቀነሱ ማስረጃው በቂ እንዳልሆነ ጽፎ፣ ያም ሆኖ ለጤናና ለደኅንነት ካለው ጥቅም የተነሣ በዕድሜ ዘመን ሁሉ ሊደገፍ ይገባል ብሏል።

ይሁን እንጂ ማስረጃው በስቶክሆልም አላበቃም። በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች የነበሩ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ለ28 ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። በዚህ ጥናት፣ በ60 ዓመታቸው ጓደኞቻቸውን በየዕለቱ ለማለት በሚቻል ያህል ያገኙ የነበሩ ሰዎች በጥቂት ወራት አንድ ጊዜ ያገኙ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኋላ ዘመናቸው በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 12 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በ60 ዓመቱ ከጓደኛው ጋር የተገናኘ ወይም ያልተገናኘ ሰው፣ በሽታው ከረጅም ዓመታት በኋላ ሲታይበት፣ «ቀድሞውኑ እየረሳ ስለነበር ነው የተገለለው» ማለት ፈጽሞ የማይቻል ባይሆንም በጣም ይከብዳል። አንድ የሚያስገርም ነገርም አለ፤ ይህ ልዩነት የታየው ከጓደኞች ጋር በሚደረግ ግንኙነት ላይ ነው፤ ከዘመድ ጋር በሚደረገው ላይ ግን እንዲህ ጎልቶ አልታየም። ምክንያቱን ጥናቱ አይነግረንም። የእኔ ግምት፣ ዘመድ ዝም ብለን አብረነው ብንቀመጥም ዘመድ ነው፤ ጓደኛ ግን ወግ ይፈልጋል የሚል ነው።

ከምንም በላይ የጸሐፊውን ጥርጣሬ የሚፈትነው በዕጣ የተደለደለ ሙከራ ነው፤ ምክንያቱም ማን ይገለል፣ ማን ይነጋገር የሚለውን የሚወስነው በሽታው ሳይሆን ዕጣው ይሆናል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሙከራ ተደርጓል። ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ከሰው የተነጠሉ 186 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ሠልጥነው ከተዘጋጁ ሰዎች ጋር በስክሪን እየተያየ በሳምንት 4 ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ጨዋታ ያዘ፤ ከ6 ወር በኋላ ይህ ወደ 2 ቀን ዝቅ ብሎ ሌላ 6 ወር ቀጠለ። በሁለቱም ወገን ላሉት ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የ10 ደቂቃ የደኅንነት መጠየቂያ ስልክ ይደወልላቸው ነበር። በ6ኛው ወር ሲመዘኑ ጨዋታ የያዙት ሰዎች በአጠቃላይ የአእምሮ መመዘኛ የተሻለ ውጤት አገኙ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የመርሳት በሽታን ያስቀራል ለማለትም አያበቃም። ነገር ግን አንድ ነገር በደንብ ይለያል፤ «እንደምን ሰነበቱ» ሁለቱም ወገኖች ደርሷቸዋል፤ ልዩነቱን ያመጣው ከሰላምታው በኋላ የመጣው ወግ ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያደርሰናል። ይህ ነጥብ ለጎጃም ሰው ጆሮ እጅግ የሚጥም ነው፤ የሚያሳስተንም ስለሚጥመን ነው። ሰንበቴ አለ፤ ማኅበር አለ፤ ዕድር አለ። ጸሐፊው ግን የቆጠሩት የተቀመጠውን ሰው ነው፤ የሚናገረውን አልቆጠሩም። ከደንበጫ እስከ ብቸና በየትኛውም ቤት ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» እየተባለ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ የክብር ቦታው ይለቀቅለታል፤ እንጀራው በመጀመሪያ ወደ እርሱ ይቀርባል። ከዚያ በኋላስ? ጨዋታው በጎልማሶቹ መካከል ይሄዳል። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ልጆች ፈተና፣ በስልክ ስለሚላክ ገንዘብ ይወራል፤ ሽማግሌው ግማሹ አይሰማውም፣ ግማሹ አይገባውም፤ ሲስቁ ይስቃል፣ «አሜን» ሲሉ «አሜን» ይላል። አንድም ሰው አንድም ነገር ሳይጠይቀው፣ ግን በታላቅ ክብር፣ ወደ ቤቱ ይሸኛል። በጸሐፊው ቆጠራ ይህ ሰው ብቸኛ አይደለም።

እናቴ 83 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከደንበጫ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ዓመት ለሚሆን ጊዜ፣ ስለ ገብሱ ስትጠየቅ ስለ ጥጃው መመለስ ጀመረች። ማኅበር ላይ ጸጥ አለች፤ እኛ ልጆቿም፣ እኔን ጨምሮ፣ «እማዬ ጃጀች» እየተባባልን በሹክሹክታ ማዘን ያዝን። ለደም ግፊት ክትትል ስወስዳት አንዲት ወጣት ነርስ ጆሮዋን አየችና ሁለቱም በደረቀ ኩክ መደፈናቸውን ነገረችኝ። የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጥታን፣ በቀጠሮው ቀን አጠበችላት። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እንደ ለመድኩት ጮክ ብዬ ሳናግራት «ምን ያስጮኽሃል?» አለችኝ። ይህ የመርሳት በሽታ ዳነ የሚል ታሪክ አይደለም፤ በሽታው ቀድሞም አልነበረባትም። ያነሣሁት በዚያ ዓመት ሁሉ እናቴ አንድም ወር ከማኅበሯ ስላልቀረች ነው። የክብር ቦታዋም አልተነካም ነበር።

መስማት ትንሽ ነገር አይደለም። ከላይ በጠቀስኩት የላንሴት ዘገባ ለመስማት ችግር የተሰጠው ድርሻ 7 በመቶ ሲሆን፣ ለመነጠል ከተሰጠው ይበልጣል። በእርግጥ በአሜሪካ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆናቸው 977 ሰዎች የተሳተፉበት ለመስማት የሚያግዝ የጆሮ መሣሪያ ሙከራ በሁሉም ላይ ሲታይ በ3 ዓመት ውስጥ ልዩነት አላሳየም፤ ቀድሞውኑ ለአእምሮ መድከም ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ግን የመድከሙን ፍጥነት ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን፣ በ48 በመቶ፣ ዝቅ አድርጎታል። የማየት ችግርም በ2024ቱ ዘገባ አዲስ ከተጨመሩት ሁለቱ አንዱ ነው፤ ትራኮማ በብርቱ በተስፋፋበት በአማራ ክልል፣ የዐይን ሞራም ብዙ ሽማግሌዎችን በጓዳ ባስቀረበት አካባቢ፣ ይህን ችላ ብሎ «ብቸኛ የለንም» ማለት አይቻልም። የማያይና የማይሰማ ሰው ማኅበር ውስጥ ቢቀመጥም ያለው ደጅ ነው።

ማኅበርተኛም ይሞታል። በሠላሳ ዓመቱ አሥራ ሁለት ሆኖ ጽዋ ያነሣ ሰው ሰማንያ አምስት ሲሞላው አብረውት ካነሡት ሁለቱ ቢቀሩለት ነው፤ የሌሎቹን ቦታ ልጆቻቸው ይዘውታል፤ እነርሱ ጨዋዎች ናቸው፣ ያከብሩታል፣ ነገር ግን «ያን ጊዜ ታስታውሳለህ?» ሊላቸው አይችልም። ልጆቻቸው ለሥራ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር የሄዱባቸው፣ የዕድር መዋጮ አቅቷቸው ስማቸው ከመዝገብ የወጣ፣ እግራቸው አልሄድ ብሎ ከቤት የዋሉ ባልቴቶች ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተቆጠሩም።

አራተኛውን ነጥብ በብዙው እቀበላለሁ። ድግስ ውድ ሆኗል፤ ለአንድ ቀን ድግስ የዓመት ቀለብ የሚያወጣ ቤት አውቃለሁ። በጮቄ ግርጌ ብርድ ለቅሶ ቤት ማደር ለ80 ዓመት ሰው ጤና አይሆንም። ጠላውና አረቄውም ቢሆን፣ ከመጠን ያለፈ መጠጥ ራሱ ከ14ቱ አጋላጭ ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ በማኅበር ስም የሚጸድቅበት ምክንያት የለም። እንግዲህ መቀነስ ያለበት ሸክሙ ነው፤ ጸሐፊው ግን ሸክሙን ትተው ሰውየውን ከማኅበሩ ያወጡታል። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪወርድ ከጎረቤት ጋር ለመቀመጥ ድግስ አያስፈልግም።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ፣ በእንግሊዝ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,662 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ቴሌቪዥን የሚያዩት ከ6 ዓመት በኋላ ቃላትን የማስታወስ ችሎታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህም ክትትል ብቻ እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ጸሐፊው በሁለተኛው ነጥብ ያነሡት ጥርጣሬ በዚህም ላይ ይሠራል፤ የሚያስገርመው ጥርጣሬውን ለቴሌቪዥኑ አለማንሣታቸው ነው። ስልክ ግን ሌላ ነው። ከላይ ያየነው ሙከራ የተካሄደው በስክሪን ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ አገር የሚደውል ልጅ «ደኅና ነሽ? ደኅና ነኝ» ብሎ ካልዘጋው፣ ስልኩ የማኅበር ያህል ሊሆን ይችላል።

ስለ ባሕታውያን የተነሣው አምስተኛው ነጥብ ሁለት ነገሮችን ያምታታል። ከመነኮሳቱ አብዛኛው የሚኖረው በዋሻ አይደለም፤ በአንድነት ገዳም ነው፤ ማዕዱ፣ ጸሎቱና ሥራው የጋራ ነው፤ የደከመውንም ረድእ ይረዳዋል። ብቻውን የዘጋውም ቢሆን ፈልጎ፣ ዳዊቱን በቃሉ ይዞ፣ የቀኑን ሰዓት በጸሎት ከፍሎ የገባ ሰው ነው እንጂ ልጆቹ ሥራ ስለበዛባቸው የተተወ አይደለም። ሁለተኛው ስሕተት የቆጠራ ነው። አእምሮው የደከመ ባሕታዊ ወደ ገዳሙ ይመለሳል፤ ስለ እርሱ ታሪክ የሚያወራ የለም። የምንሰማው ነቅተው ስለ ኖሩት ብቻ ነው።

ይህን ሕግ በራሴም ላይ ላክብረው፤ ምክንያቱም የቅኔ መምህራንን ለማስረጃነት ለማቅረብ እጄን ሲበላኝ ነበር። ወንበር ላይ የምናየው የኔታ አእምሮው ስላልደከመ በወንበሩ የቆየው ነው፤ ስለዚህ ማስረጃ አይሆነኝም። አኗኗሩ ግን የጸሐፊውን ሐሳብ ያርማል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ሥርዓት የተማረ ሰው እንደሚያውቀው ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው፣ ማለትም አስቦ የሚያዘጋጀው፣ ቀን፣ ከዛፍ ሥር፣ ብቻውን ነው፤ ሲመሽ ግን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል፣ የራሱንም ቅኔ ይዘርፋል፣ ማለትም አፍልቆ ይናገራል። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ አይደገምም፤ ነገ ሌላ መምጣት አለበት። የጎጃም ሰው ከሚሠራው ሁሉ በብቸኝነት የሚሠራው ይህ የአእምሮ ሥራ እንኳ የሚጠብቀው ጆሮና የሚመልስለት አፍ አለው።

አሁን ወደ እኅቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ፤ ጸሐፊው በጨረፍታ ካለፉት ምክራቸው፣ ማለትም «ተራቸውን ልጆቻቸው ይረከቡ» ካሉት ጋር የተያያዘ ነውና። በጽሑፉ ውስጥ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። ልጅ ወጪውን መረከብ ይገባዋል፤ ተራው ግን የሽማግሌው ይሁን፤ ምክንያቱም ተራ ማለት ማን እንደሚጠራ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈና በማን ሽምግልና እንደሚታረቅ ማሰብ ነው። የእናቴ ተራ በኅዳር ሚካኤል ይውላል። እህሉን እኔ እገዛለሁ፤ ጠላውን እኅቴ ትጠምቃለች፤ ሌላውን ሁሉ የምታዝዘው እርሷ ናት። ባለፈው ኅዳር የሚጠሩትን ሰዎች ስም ጽፌ ጮክ ሳልል አነበብኩላት። ሰምታ ጨረሰችና «ከወንዝ ማዶ ያለችው ባልቴትስ?» አለችኝ። ረስቻት ነበር።